የጠፉት አራት ዳዶዎች

ሆይት ላይንበርገር እራቱን በሬዲዮ ያዘዘው ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነበር። የኮብ ክሪክ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ በሙሉ ሰምቶታል። «ሁለት ዳቦ የአሳማ ሥጋ፤ ጎመኑ ከላይ ይሁን፤ ኮምጣጤውን እንዳትሰስቱብኝ!» ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ሲሆን ለሜዳው ምግብ የምታቀርበው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያኗ ሚስ ኢሞጂን ሳህኑን ይዛ ወደ መቆጣጠሪያው መጋዘን ገባች። ሆይት ከመኪና ሚዛኑ አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከጆሮው በላይ ደም ይታያል። ሚስ ኢሞጂን ጮኸች፤ ሳህኑን ግን አልጣለችም። የእኛ አገር ባፕቲስት ሰማይ ቢወድቅ ምግብ አይጥልም።

ሆይት አልሞተም፤ ይተነፍሳል። ግን አይሰማም፣ አይናገርም። አምቡላንሱ ይዞት ሲወጣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የረገሙት መካኒኮች ሁሉ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ሆይት የደንብ ተቆጣጣሪ ነው። እናቱ መኪና ብትነዳ የእሷንም ለክቶ ይጥላት ነበር።

ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር ጠፍቷል። መዳፍ የምታህል ባለ አራት ቀዳዳ ብረትና አራት ዳዶዎች። ጠረጴዛው ሥር ደግሞ አንድ ቀይ ኮፍያ ወድቋል፤ ላዩ ላይ 47 ቁጥር ተጠልፎበታል።

«በቃ፣ አለቀ» አለ ሸሪፉ። «የኦዴል ፉር ኮፍያ ነው። ሄጄ ልሰረው።»

በሸሪፉ አልፈርድም። የዚያን ቀን ሆይትን ለመምታት ከኦዴል የተሻለ ምክንያት የነበረው ሰው አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ከማጣሪያው ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ሾፌር ብቻውን ሁለት ዙር ይነዳል፤ የፈጠነችው ዙር ትያዝለታለች። ሃያ ሰባት መኪና መጥቷል፤ እሑድ የሚወዳደረው ግን ሃያ ስድስት ነው። አንዱ ዕቃውን ጭኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የኦዴል ልጅ ማርላ ፉር በአሥራ አምስት ሴኮንድ ከስልሳ ሁለት መቶኛ ዞረችና አንደኛ ወጣች። በስምንት ዓመት ውድድር የመጀመሪያዋ ነው። ክሊንት ባርንሃርት በአሥራ አምስት ከሰባ አንድ ሁለተኛ ሆነ። የማርላን ቀይ 47 ቁጥር መኪና ሲያዩ አጥር ላይ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ እኔ ነኝ፣ ሱሪዬም ምስክር ነው።

ደንቡ የመጀመሪያዎቹ አምስት መኪኖች ተከፍተው ይታዩ ይላል። የቡድኑ ሰዎች ከቢጫው መስመር ወዲያ ቆመው ያያሉ እንጂ አይነኩም። ሆይት የሞተሩን ካርበሬተር የያዙትን አራት ዳዶዎች ፈትቶ ሲያነሳው ከሥሩ የምትቀመጠው ባለ አራት ቀዳዳ አየር መመጠኛ ብረት ቀዳዳዎቿ ሰፍተው ተገኙ። ብዙ አየር ማለት ብዙ ጉልበት ማለት ነው። የማርላ ውጤት ተሰረዘ። ኦዴል ጮኸ፣ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ፈጠፈጠ፣ «የኔ አይደለችም!» አለ። ማን ይሰማዋል? አምና መኪናው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተገኝቶ ተቀጥቷል። ሁለተኛ ጥፋት ለአባትም ለልጅም የአንድ ዓመት እገዳ ነው። እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሊወሰን ተቀጠረ። ማርላ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የሚደግፋት የዶሮ መኖ ኩባንያ አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቃትም፤ ሌላ የሚጠብቃትም የለም።

ጎማ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሰዉ እየመጣ አጽናናት። አንዱ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። ላንዶን ሃኒከት በረዶ ያለው ሻይ ሰጣት፤ የሱ ልጅ ትሬይ መጨረሻ ወጥቶ ዕቃ ሊጭን ሲል በእሷ መሰረዝ ነው የገባው፤ አፍሮ ብዙም አላወራ። ሚስ ኢሞጂን ጸለየችላት፤ ጸሎቱ ረዘም ያለ ስለነበር ማርላ አመስግና ተነሳች።

*

የካውንቲው መርማሪ ቨርና ሌድቤተር ጎረቤቴ ናት። አጥራችን አንድ ነው፤ ውሻዋ ግን ይህን አያምንም። በፀደይ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ስላደረገች በከዘራ ነው የምትሄደው። እኔ ደግሞ በውድድር ሰሞን የሣር መሬቴን ለመኪና ማቆሚያ እከፍታለሁ፤ እንግዳ የማመላልስበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ አለችኝ።

«ደልበርት፣ ጋሪህን ለቨርና» አለ ሸሪፉ።

«ጋሪዋን ፈለግኩ እንጂ እሱን አልፈለግኩም» አለች ቨርና።

«ያለ እኔ አትነሳም፤ አመል አላት» አልኳት።

«እንደ ባለቤቷ።» ወጥታ ተቀመጠች። መቀመጫው ወደ ጎን ተንገዳገደ። «ይሄ ብሎን ላልቷል።»

«ከሰኔ ጀምሮ።»

ሸሪፉ ካቴናውን እያቅጨለጨለ ሰዓቱን አየ። ቨርና ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋደመች። «እስከ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስጠኝ። ካልሆነልኝ ኦዴልን እኔው ራሴ አስርልሃለሁ።»

ሰጣት። ቨርና ቃል ስትገባ የሚከራከራት ሰው በካውንቲያችን የለም፤ እኔም የምከራከራት ስለ ውሻዋ ብቻ ነው።

*

ኦዴል ፉር ተሳቢው ውስጥ መሣሪያ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ያለ ኮፍያ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሚስተር ኦዴል፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ እስከ ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ አካባቢ።»

«አካባቢው ሰፊ ነው።»

«ሚስ ቨርና፣ ሆይትን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልመታው ስመኝ ኖሬያለሁ። ግን አልመታሁትም።»

«ኮፍያዎ ጠረጴዛው ሥር ተገኝቷል።»

«ስንጨቃጨቅ ጣልኩታ! ሰው ሁሉ አይቶኛል። ተመልሼ ማንሳት ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደም።»

«ጥሩ። ታዲያ የት ነበሩ?»

ማርላ በሩ ላይ ቆማለች። «አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ!»

ኦዴል ልጁን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። «አልናገርም» አለ።

ማርላ ተከትላን ወጣች። የእሽቅድምድም ልብሷን እስከ ወገቧ አውልቃ እጀታውን አስራዋለች።

«ሚስ ቨርና፣ አባቴ ከታሰረ እሞታለሁ። ከታገድን ደግሞ ሙያዬ አለቀ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የሚበላኝ ሌላ ነው።» አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ስምንት ዓመት ያችን ዙር ጠበቅኩ። ዛሬ መጣች። አሁን እኔ ልሁን ብረቷ ትሁን አላውቅም።»

«እሱን እኔ ልነግርሽ አልችልም፣ የኔ ልጅ» አለች ቨርና። «ብረቷን ማን እንዳስገባት ግን እነግርሻለሁ።»

እንዲህ ነች። ገና ምንም ሳታውቅ ነው የተናገረችው።

*

ክሊንት ባርንሃርት ኮብ ክሪክን አራት ጊዜ አሸንፏል፤ ስድስት ጊዜ ይነግርሃል። ጋራዡ ውስጥ ማስቲካ እያኘከ ቆሞ አገኘነው። የሱ መካኒክ ከኋላው የፊት ጎማውን ዘንግ ያጠብቃል።

«መርማሪዋ መጣች! እኔ ነኝ፣ እሰሪኝ፤ ግን ከነገው ውድድር በኋላ።»

«በዚያች ግማሽ ሰዓት የት ነበርክ፣ ክሊንት?»

«እዚሁ። ካላመንሽኝ ኦዴልን ጠይቂው።»

ቨርና ከዘራዋን ተከለች። «ኦዴልን?»

«እዚህ ነበራ! አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መጥቶ፣ ሚስ ኢሞጂን ጩኸቷን እስክትለቀው ድረስ ቆመ። ቁጭ በል ብለው አሻፈረኝ አለ።» ባርንሃርት ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብንታገድ አንተ ለማርላ መኪና ስጣት ብሎ ለመነኝ። ኦዴል ፉር! እኔን! ሃያ ዓመት እግዜር ይስጥልኝ ያላለኝ ሰው። ልጅቷ እንዳታውቅ ብሎም አስምሎኛል።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«አስብበታለሁ አልኩት። አሰብኩና እሺ አልኩት። እኔም ሰው ነኝ፣ የኔ ማር፤ ለማንም አታውሪ እንጂ።»

«ኮፍያ አድርጎ ነበር?»

«ምን ኮፍያ! ራሰ በራው ሲያበራ አምፖል የገዛሁ መስሎኝ ነበር።»

ሁለት ጠላት አንዱ ለሌላው ሲመሰክር ከማመን ሌላ ምን ይደረጋል? በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ተጠርጣሪ ከእጃችን ወጣ። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ቨርና ግን መካኒኩን እያየች ነበር። ሰውየው ዳዶውን አጥብቆ ሲጨርስ ከደረት ኪሱ የቀለም እስክሪብቶ አወጣና ዳዶው ላይ ነጭ መስመር ጫረበት።

«ይሄ ለምንድነው?»

«ይሄ?» አለ ባርንሃርት። «ዳዶ ሲጠብቅ ይሰመርበታል፤ ግማሹ ዳዶው ላይ፣ ግማሹ አጠገቡ ያለው ብረት ላይ። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ በአንድ ዓይን ታይዋለሽ። መስመር የሌለበት ዳዶ ያልጠበቀ ዳዶ ነው። በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድሽ ጎማሽ ቀድሞሽ ሲያልፍ ካየሽ በኋላ አትረሺውም።»

«ሁሉም ነጭ ነው የሚጠቀመው?»

«ነጭ ጥቁር ብረት ላይ ይታያላ። እጅ እጁ ግን ይለያያል። ይሄኛው የኔ መካኒክ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ አድርጎ ነው የሚጭረው። ሌላው ይጠመዝዛል። እንደ ፊርማ ነው፤ እነሱ ግን አያውቁትም። እጃቸው ነው የሚያደርገው።»

*

«ደልበርት፣ ብረቷን ለምን እንደሰረቀ ይገባኛል» አለችኝ ቨርና ጋሪዋ ላይ። ፀሐይ ከሦስተኛው መታጠፊያ በስተጀርባ ልትጠልቅ ነው። «ብረቷ ከጠፋች ሰው ሁሉ ኦዴል ማስረጃውን አጠፋ ይላል። ግን ዳዶዎቹን ማን ይሰርቃል? በየሳጥኑ ሺህ አለ።»

«ምናልባት ከብረቷ ጋር አብሮ አፍሶ ያዛቸው።»

«ሆይት እንዴት እንደሚያስቀምጥ አታውቅም? ብረቷ በፖስታ፣ ዳዶዎቹ በጣሳ። ጣሳው ባዶውን ቦታው ላይ ነው ያለው። አንድ በአንድ ነው የተለቀሙት።»

«እንግዲህ መካኒክ ነው፤ ዳዶ ይወዳል።»

«አንዳንዴ ሳታውቀው ትክክል ትናገራለህ» አለች። «ወደታሸጉት መኪኖች ንዳ።»

የውድድሩ ኃላፊ ሚስተር ፕሬስነል ቁልፉን ይዞ መጣ። የማርላ መኪና ሆይት ራሱ በፈረመበት ወረቀት ታሽጎ ቆሟል፤ ከታሸገ ወዲህ ማንም አልነካውም። በፕሬስነልና በማርላ ፊት ኮፈኑ ተከፈተ። ካርበሬተሩ ያለ ዳዶ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ቨርና በባትሪ አየች፤ እኔም በትከሻዋ በኩል አየሁ። ዳዶዎቹ በነበሩባቸው በአራቱም ቦታ፣ ከብሎኑ አጠገብ ነጭ ቀለም አለ። ግማሽ መስመር። ሌላው ግማሽ ከዳዶዎቹ ጋር ሄዷል። መስመሩ ደግሞ አንድ አልነበረም፤ ጎን ለጎን ሁለት ነው፤ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ያለ።

«ማርላ፣ ካርበሬተሩን ማን ነው የሚያጠብቀው?»

«እኔ።»

«እንዴት ትሰምሪበታለሽ?»

«አንድ መስመር ነዋ።» ጎንበስ ብላ አየች። «ይሄ የኔ እጅ አይደለም። የአባቴም አይደለም።»

«ጠዋት አላያችሁትም?»

«ከሾፌሮች ስብሰባ ስንመለስ አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። ነጭ ነው፣ አልተሰበረም፣ ዘጋው። ነጭ ካየ በኋላ ማን ይቆጥራል?»

«ስብሰባው ላይ እናንተ ብቻ ናችሁ የሄዳችሁት?»

«ሾፌርና የቡድን አለቃ ካልተገኘ ይባረራል። የአጎቶቼ ልጆች ደግሞ ቁርስ ሊያመጡ ሄደው ነበር። ጋራዡ ግማሽ ሰዓት ባዶ ነበር።»

ቨርና ኮፈኑን አስዘጋች፤ እንደገና አሳሸገች። ሦስታችንንም በከዘራዋ እየጠቆመች «አፋችሁንም እንደዚሁ» አለች። ከዚያ ፕሬስነልን የዓርብ ልምምድ ውጤትና የማጣሪያ ዝርዝሩን ጠየቀችው፤ የሰጣትን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተች።

*

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሬን አንኳኳች። ሸሚዜን ገና እየቆለፍኩ ነበር።

«ጋሪህን ጋራዥ ልናስገባት ነው።»

«ዛሬ? ሰው ተደብድቦ፣ ኦዴል ሊታሰር ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቶት?»

«መቀመጫው እኮ ላልቷል።»

ከአንደኛው ጋራዥ ጀመርን። የባርንሃርት መካኒክ ብሎኑን አጠበቀልን፤ ቀጥ ያለ መስመር ጫረበት። አመሰገንን። ጥግ ስንዞር ቨርና ከቦርሳዋ መፍቻ አወጣች፣ ብሎኑን ፈታችው፣ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ቀለሙን ጠረገችው።

«አሁን ጠብቆ ነበር እኮ!» አልኩ።

«አይቻለሁ። ንዳ።»

ሁለተኛው ጋራዥ ነጥብ አደረገበት። ሦስተኛው ጠመዘዘው። ሰባተኛው ምንም ሳይጭር ለቀቀን፤ ባለፈው ዓመት ጎማው ወልቆ አጥር የዘለለበት ቡድን ነው። በየጋራዡ ቨርና ትፈታለች፣ ትጠርጋለች፣ እንሄዳለን። ሳቁ ከእኛ ቀድሞ ይደርስ ጀመር። «ደልበርት፣ ሚስትህንም እንደዚህ ነው የምትጠግናት?» አሉኝ። «የካውንቲው ፖሊስ ወንጀለኛውን ትቶ ወንበር ይዟል!» አሉ። ቨርና አብራ ሳቀች። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ላቤ መጣ።

«ቨርና፣ ብሎኑ ራሱ ሊያልቅ ነው። ሸሪፉም ካቴናውን እየወለወለ ነው።»

«አንድ ቀረን።»

የመጨረሻው ጋራዥ የሃኒከቶች ነበር። ላንዶን ሃኒከት እጁን እየጠረገ ወጣ። ሰንበት ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ያስተማረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ የኔንም ልጆች አስተምሯል።

«የናንተን ወሬ ሰምቻለሁ» አለ ፈገግ ብሎ። «ሃያ አምስት መካኒክ ያቃተው ብሎን የታለ?»

«ይኸው፣ ሚስተር ላንዶን» አለች ቨርና። «እርስዎ ካልቻሉት ጋሪውን እንቀብራለን።»

ጎንበስ አለ። «እነዚህ ሰዎች ሮንዴላ የሚባል ነገር አልሰሙም? ያለ ሮንዴላ እንዴት ይያዝ!» ከሳጥኑ ሮንዴላ፣ ስስ የብረት ቀለበት አመጣ፣ አስገባ፣ ዳዶውን አጠበቀ።

«ልጅዎ እንዴት ነው?» አለች ቨርና።

«ደህና ነው፤ አሁን ጎማ ሊያመጣ ሄዷል። ትንሽ ፈርቷል። ከኋላ መነሳት ከባድ ነው።»

«ከቤት ከመነሳት ግን ይሻላል።»

«እሱስ አዎ» አለ ላንዶን። እያወራ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ እስክሪብቶውን አወጣ፣ በጥርሱ ክዳኑን ነቀለ፣ ጫረ። አንዱን ረዘም አድርጎ። ሌላውን አጠር አድርጎ።

ቨርና ዓይኗን ብሎኑ ላይ ተከለች። ላንዶን የሷን ዓይን ተከትሎ ብሎኑን አየ። ክዳኑ ከአፉ ወደቀ።

«ልማድ ነው» አለ።

«አዎ፣ ልማድ ነው። ትናንት ጠዋትም ልማድ ነበር።»

ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ሆይት በሕይወት አለ?»

«አለ። ሌሊቱን ዓይኑን ገልጧል ብለውኛል።»

«ተመስገን» አለ፤ ከልቡ ነበር። «ተመስገን ጌታዬ።»

«ሁሉም ማን አንደኛ ሆነ ብሎ ያያል» አለች ቨርና። «ባርንሃርት በማርላ መሰረዝ አንዲት ደረጃ ነው ከፍ ያለው። ለአንዲት ደረጃ ማንም እንዲህ አይደክምም። መላ ውድድሩን ያገኘው ሃያ ሰባተኛው ነው። የዓርብ ልምምዱን አየሁት፤ ትሬይ እዚያም መጨረሻ ነበር፣ ማርላ ሦስተኛ። ከላይ ካሉት አንዱ እንዲወድቅ ማድረግ ነበረብዎ። አምስቱ ብቻ ናቸው የሚከፈቱት፤ ስለዚህ ብረቷ አምስቱ ውስጥ በእርግጥ የምትገባ ሾፌር መኪና ውስጥ መሆን ነበረባት፤ አምና የተቀጣች ብትሆን ደግሞ ይታመናል። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳቱም።» ድምፁ እንደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ነበር፤ ዝግ ያለ። «ትሬይ ሦስት ውድድር አመለጠው። አራተኛ ካመለጠው የሚደግፉት ሰዎች ስማችንን ከመኪናህ ላይ አንስተን እንተውሃለን አሉት። ያን ልጅ በሦስት ዓመቱ ነው መሪ ላይ ያስቀመጥኩት... ሥራው አሥር ደቂቃ ፈጀ። ስጨርስ ዳዶዎቹን አሰመርኩባቸው። ማሰመሬን እንኳን አላወቅኩም! ሌላ ሰው መኪና ላይ፣ የድብቅ ሥራ ላይ፣ እጄ ፊርማውን አኖረ።»

«ሆይት ግን አወቀው።»

«እራቱን አዝዞ እየጠበቀ ነበር። አልፌ ስሄድ ጠራኝ። ጣሳውን አሳየኝ። 'ላንዶን፣ ሠላሳ ዓመት እነዚህን ሁለት ጭረቶች ሳይ ኖሬያለሁ፤ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ራስህ ተናገር፣ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ' አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ። የመለኪያው ዘንግ እጄ አጠገብ ነበር።» ዓይኑን ጨፈነ። «ብረቷንም የወሰድኩት ኦዴል የወሰዳት እንዲመስል ነው። ይህኛውን አስቤበት ነው ያደረግኩት። ሌላውን ሁሉ ይቅር ቢሉኝ ይህንን አይበሉኝ።»

«አባዬ?»

ትሬይ ጎማ ይዞ ቆሟል። ሁሉንም ይስማ ግማሹን አላውቅም፤ ጎማው ግን ከእጁ አምልጦ ብቻውን እየተንከባለለ እስከ አጥሩ ሄደ። ላንዶን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ዳዶዎቹ የት እንዳሉ ቨርና ጠየቀችው። አልጣላቸውም። በመጠን በመጠን በተለዩት ጣሳዎቹ ውስጥ፣ በልካቸው ቦታ ተቀምጠዋል፤ የነጩ መስመር ግማሽ ገና ላያቸው ላይ አለ። ብረቷ ከሳጥኑ ግርጌ በጨርቅ ተጠቅልላ ተገኘች።

*

ሦስት ሰዓት ላይ ሚስተር ፕሬስነል ከሚስተር ኦዴልና ከማርላ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሸሪፉ ኮፍያውን ለኦዴል መለሰለት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም፤ ሸሪፎቻችን ይቅርታ የሚጠይቁት የምርጫ ሰሞን ነው።

«እገዳ የለም» አለ ፕሬስነል። «የትናንቱ ውጤት ግን አይመለስም። ደንቡ ማን አስገባው አይልም፤ ምን ነበረበት ነው የሚለው።»

ኦዴል ሊነሳ ሲል ማርላ ክንዱን ያዘችው። «ልክ ነው፣ አባዬ። በዚያች ብረት የተገኘ አንደኝነት እኔም አልፈልግም።»

«ሃያ ስድስት ሞልቷል» አለ ፕሬስነል፤ ጭንቅላቱን አከከ።

ትሬይ ከበሩ አጠገብ ነበር። ማንም ሲገባ አላየውም። «ሃያ አምስት ነው» አለ። «የኔ መኪና እየተጫነ ነው።» ማርላ ልትናገረው ተነሳች፤ እሱ ግን ወጥቶ ነበር። አባቱ ወደታሰረበት ሄደ። እስከ ማታ እዚያ ደጅ ተቀምጦ እንደነበር ሸሪፉ ነገረኝ።

ሆይትም እኩለ ቀን ላይ መናገር ጀመረ። የመጀመሪያ ቃሉ ስለ ላንዶን አልነበረም። እራቱ የት እንደደረሰ ጠየቀ።

*

ማርላ ከመጨረሻ ተነሳች። ደንቡ የሚፈቅዳትን ጠባብ ብረት ራሱ ፕሬስነል አስገባ፤ እሷ ራሷ አጥብቃ አንድ መስመር ጫረችበት። ሦስት መቶ ዙር ነው። እኔና ቨርና አራተኛው መታጠፊያ አጥር ላይ ነበርን፤ ኦዴል አጠገባችን የዙር መለኪያ ሰዓቱን እየጨመቀ።

ሃምሳ ዙር ሳይሞላ አሥራ አራት መኪና አለፈች። በመቶ ሰባኛው ከአንድ የተጋጨ መኪና ሥር ሾልካ ስትወጣ ቨርና ከዘራዋን ጣለችው፤ እኔ አነሳሁላት፤ እንደገና ጣለችው። በሁለት መቶ አሥረኛው አዲስ ጎማ አስገብታ ወጣች። ደመና መጥቶ አስፋልቱ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ከፊቷ ማንም የለም፣ መንገዱ ባዶ ነው።

ኦዴል ሰዓቱን ጫነ። መኪናዋ ዞራ ስትመጣ እንደገና ጫነ። አየው። አልጮኸም፣ አልዘለለም። መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ተናፈጠ።

ባርንሃርት አሸነፈ። ማርላ አምስተኛ ወጣች።

በመስኮቱ ወጥታ እግሯ መሬት ሳይነካ «ከሃያ ስድስተኛ አምስተኛ!» አልኳት።

«አምስተኛውን ተወው ደልበርት። ዙሯን ንገሩኝ።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ያቺን ከጎማው በኋላ ያለችውን። ይዘሃታል?»

ኦዴል ሰዓቱን ሰጣት። አሥራ አምስት ሴኮንድ ከስልሳ ስድስት።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቀነሰች ነበር። ከትናንቱ በአራት መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ነው የዘገየችው። ከባርንሃርት የትናንት ዙር በአምስት መቶኛ ትፈጥናለች። ከዚያ የራስ ቁሯን ለቨርና አስይዛ፣ ሰዓቱን በእጇ ይዛ፣ በሰዉ መሐል እየሰነጠቀች ባርንሃርት ዋንጫ አቅፎ ፎቶ ወደሚነሳበት ሄደች። ሰዓቱን ከአፍንጫው ሥር አደረገችው።

ባርንሃርት ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። ፎቶ አንሺውን «ቆይ አንዴ» አለውና ቁጥሩን አነበበ፤ ደግሞ አነበበው።

«በዚችው ጠባብ ብረት?»

«በዚችው።»

«ትናንትም ትቀድሚኝ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ» አለች ማርላ።